የእንዳለው ጉርድ ፎቶ

ጎንደር፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጃችን ለሱልጣና ጠይብ፣

እንደምን ሰንብተሻል? የደባርቅ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ፍቅርአዲስ በጣም ናፍቃሻለች። ባለፈው ስለ ዓይኔ ጠይቀሽኝ ነበር፤ ዓይኔ ደህና ነው፣ አታስቢ።

ሹፌሩ መልከ ጼዴቅ ሃርድ ዲስኩን በፎጣ እንደተጠቀለለ አስረክቦኛል። አብራው የመጣችውን ብጣሽ ወረቀት ግን ሦስት ጊዜ አንብቤ ምንም አልገባኝም። «ጋሼ ይድረሱልኝ፣ ፎርማት አደረግሁት፣ ማንም እንዳይሰማ።» ወይ አንቺ ልጅ! ይኼ ምን የሚሉት ደብዳቤ ነው? ደውዬ እንዳልጠይቅሽ የእናንተ አገር ስልክ ከጠፋ ወር ሊሞላው ነው። እስኪመለስ በመልከ ጼዴቅ ሚኒባስ እንጻጻፋለን፤ አማራጭ የለንም።

አሁን ቁጭ በይና ከመጀመሪያው ንገሪኝ። የትኛውን የዲስኩን ክፍል ነው ያጠፋሽው? ምን ነበረበት? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ካጠፋሽው በኋላ ሌላ ነገር ጽፈሽበታል? ይህቺ ጥያቄ ዋናዋ ናት። ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋው መዝገቡ ነው፤ ፎቶዎቹ እዚያው ተኝተው ይቆያሉ። አዲስ ነገር ከጫንሽበት ግን በተኙት ላይ ነው የሚወጣባቸው። ያን ጊዜ እኔም ሌላም ሰው አንመልሳቸውም።

ደግሞስ «ማንም እንዳይሰማ» ምንድን ነው? የማን ፎቶ ነው እንዲህ ያስጨነቀሽ?

የአባትሽ ደቀ መዝሙር፣
ያርጋል


ደባርቅ፣ ጥር 15 ቀን 2017

ለተከበሩ ጋሼ ያርጋል፣

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረሙ? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤናዬን ደህና ነኝ። ሌላው ነገሬ ግን ደህና አይደለም። በዚያች ወረቀት ስላስደነገጥኩዎ ይቅር ይበሉኝ፤ መልከ ጼዴቅ ልሂድ እያለ ሲያጣድፈኝ ነው የጻፍኳት። ይኼ የጎረቤቴ የሙሰዓብ ወፍጮ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ግድግዳውን እያንቀጠቀጠ አንድ ቃል አያስጽፍም።

እንዲህ ሆነ። ከጥምቀት በፊት ማክሰኞ፣ ኮምፒውተሩ ቢንቀራፈፍብኝ አዲስ ዊንዶውስ ልጫን ብዬ ተነሳሁ። ዲስኩን ለሁለት ከፍዬ አንዱን «ሥራ»፣ ሌላውን «ፎቶ» ብዬው ነበር። አባባ ሁሉንም በአማርኛ መጻፍ ነው ያስለመዱኝ፣ ያውቃሉ። የመጫኛው ገጽ ግን የእኛን ፊደል አያውቅም ለካ! ሁለቱንም ስም ሁለት ሁለት ባዶ ሳጥን አድርጎ ደረደረልኝ። መጠናቸው እኩል ነው። የላይኛው «ሥራ» ነው ብዬ ተጫንኩት። «ፎቶ» ኖሯል። እጄን ቁርጥ ያድርገው! አባባ ካረፉ ወዲህ ያነሳሁት ሰው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

ወዲያው ዘግቼ ነቀልኩት። ምንም አልጻፍኩበትም። ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ ጊዜ በማግስቱ የፎቶ ቤቱን መጋረጃ ቀየርኩ፤ ያ የደበዘዘው አረንጓዴ ይነሳልኝ ብዬ ለጥምቀት ሰማያዊ ሰቀልኩ። እንዲሁ ለመንፈራገጥ።

የማን ፎቶ ነው ላሉኝ፤ ቅዳሜ ጥር 10 እማማ ፈንታነሽ የሚባሉ ሴት ከአምባራስ መጡ። እንዳለው የሚባል ልጃቸው ሐምሌ ላይ ሰሊጥ ሊሠራ ወደ መተማ ወርዷል። አብረውት የወረዱት ኅዳር ላይ ተመለሱ፣ እሱ የለም። «ሌላ እርሻ ይሻላል ብሎ ተለየን» ነው የሚሉት። ስልክ የለው። ለገናም ለጥምቀትም አልመጣም። ከመውረዱ በፊት ለመታወቂያ ብሎ እኔ ዘንድ ጉርድ ፎቶ ተነስቷል፤ ግን መታወቂያውን ሳያወጣ አራቱንም ፎቶ ይዟቸው ሄደ። ሌላ ፎቶ በሕይወቱ ተነስቶ አያውቅም።

የእናትየው ወንድም አቶ ፀጋው፣ ሳንቃ በር ላይ በቅሎ የሚነዱት፣ የካቲት 2 ቀን እሱን ፍለጋ ይወርዳሉ። ፎቶ ሳይዙ ቢወርዱ ማንን ብለው ይጠይቃሉ? «ቀጠን ያለ፣ ጠየም ያለ ልጅ» ቢሉ እዚያ የወረደው ሁሉ ቀጠን ያለ ጠየም ያለ ነው።

እማማ ፈንታነሽ «በይ አውጪልኝ» ብለው ተቀመጡ። «መብራት የለም፣ ቅዳሜ ይመለሱ» አልኳቸው። ጋሼ፣ ያቺን አንዲት ፎቶ ያውጡልኝ። ሌላው ገደል ይግባ።

ሱልጣና


ጎንደር፣ ጥር 20 ቀን 2017

ለሱልጣና፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርሽና እፎይ በይ። አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ስድስት ፎቶ መልሻለሁ።

አሁን ደስ የማይለውን። ስማቸው የለም። ስሙን የያዘው መዝገብ ስለጠፋ ሁሉም ቁጥር ብቻ ሆነው ነው የወጡት። በቀን ልለያቸው ብል ደግሞ ካሜራሽ ጉድ ሠርቶኛል፤ ሁሉንም በአንድ ቀን አነሳኋቸው ይላል፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ አንድ። ባትሪው በወጣ ቁጥር ሰዓቱን እንደሚረሳ እያወቅሽ አንድ ቀን እንኳ አስተካክለሽው አታውቂም ማለት ነው። ምን በወጣው ካሜራ!

በልብሱ እለየዋለሁ ብልስ? አንቺ ልጅ፣ አገሩን ሁሉ በአንድ ኮት ነው እንዴ የምታነሽው? ቄሱም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪውም ያው ግራጫ ኮት፣ ያው ከረባት! ደንግጬ ቀረብ ብዬ ሳየው ኮቱን አወቅሁት። የአባትሽ የጋሽ ጠይብ የሠርጋቸው ኮት ነው። «የገጠር ሰው ለመታወቂያ ሲነሳ ሹም ይምሰል» ብለው ከመስቀያው ላይ የሚያወርዱት። ሳቅሁ፣ ከዚያ ሆዴ ባባ። ነፍሳቸውን ይማረው።

እንግዲህ ልጁን አላውቀው፣ ስሙ የለ፣ ቀኑ የለ። ሌላ የምይዘው ምልክት ስጪኝ። መልኩ ላይ የተለየ ነገር ካለ እናቱን ጠይቂ።

አንድ ነገር ደግሞ። ጥቂት ፎቶዎች ግማሽ ግማሽ ሆነው ወጥተዋል፤ ከላይ ሰው፣ ከታች ግራጫ። ለብቻ አስቀምጫቸዋለሁ። ዲስኩ አርጅቶ ይሆናል፣ ምክንያቱም ምንም አልጻፍኩበትም ብለሽኛል።

ያርጋል


ደባርቅ፣ ጥር 21 ቀን 2017

ለተከበሩ ጋሼ ያርጋል፣

አላህ ይስጥልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው! ደብዳቤዎን ሚኒባሱ ደጅ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። መልከ ጼዴቅ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» እስኪለኝ አለቀስኩ።

ምልክት ላሉኝ ሁለት አለኝ። አንደኛው ራሱ ኮቱ ነው። ባለፈው ግንቦት አንድ ሰፊ ሰውዬ ተነስቶበት መካከለኛው ቁልፍ ተበጥሶ ጠፋ። ዛሬ ነገ ስል እስከ ጳጉሜን ክሩ እንደተንጠለጠለ ቆየ። ለዘመን መለወጫ ቡኒ ቁልፍ ተከልኩለት፣ ጥቁር ስላጣሁ። እንዳለው የተነሳው ሐምሌ ላይ ነው። ስለዚህ ጥቁር ቁልፍ ያለውን ይተዉት፣ ቡኒ ያለውንም ይተዉት። ክሩ የተንጠለጠለበት መካከል ውስጥ ነው ልጁ ያለው።

ሁለተኛውን እማማ ፈንታነሽ ነግረውኛል። የግራ ጆሮው ጫፍ የለችም፤ ልጅ ሳለ የአጎቱ በቅሎ ነክሳው ነው። አባባ «ሁለት ጆሮ ካልታየ ፎቶ አይባልም» ይሉ የለ? እኔም ያለዚያ አላነሳም፤ ስለዚህ ጆሮው ይታያል።

እማማ ባለፈው ቅዳሜ ተመልሰው መጥተው ነበር። አሁንም መብራት የለም አልኳቸው። ኋላ ይጠቅማል ብዬ የልጁን ምልክት ስጠይቃቸው ግን «ለምንድን ነው ምልክቱን የምትጠይቂኝ?» ብለው ትክ ብለው አዩኝ። «ፎቶው ብዙ ስለሆነ ነው» አልኩ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ስለ መለያየታቸው አወሩኝ። ተጣልተው ነው የተለያዩት። አትሂድ ሲሉት እምቢ አለ። «ላሚቱ እስክትወልድ እንኳ ቆይ፤ አንተ ነህ ያሳደግሃት» ብለው ለመኑት። «ለላም ብዬ አልቀመጥም» ብሎ ወጣ። እሳቸውም ከኋላው «እንዳትመለስ!» አሉት።

አንጀቴን በሉት ጋሼ። የቀረን ዐሥር ቀን ነው።

ሱልጣና


ጎንደር፣ ጥር 25 ቀን 2017

ለሱልጣና፣

እንደምን አለሽ። ዛሬ ሰላምታዬን አላረዝምም፣ አትቀየሚኝ።

ያልሽው ቁልፍ ልክ ነው። ክሩ የተንጠለጠለባቸውን ወንዶች አንድ በአንድ ለየሁ፤ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ናቸው። የሁሉንም ግራ ጆሮ አየሁ። ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሙሉ ጆሮ። ልጁ የለም። ደግሜ አየሁ፣ የለም።

አሁን አንዲት ነገር ልጠይቅሽ ነው። እንደ አባትሽ ቁጠሪኝና እውነቱን ንገሪኝ።

ከመለስኳቸው ፎቶዎች ውስጥ ተማሪዎች አየሁ፤ ወደ ስልሳ ይሆናሉ፣ ባለዩኒፎርም። ከኋላቸው ያለው መጋረጃ ሰማያዊ ነው። አዲስ፣ እጥፋቱ እንኳ ያልለቀቀ። ማክሰኞ ፎርማት አድርጌ ወዲያው ነቀልኩት፣ መጋረጃውን በማግስቱ ቀየርኩ ብለሽ ጽፈሽልኛል። ታዲያ በሰማያዊ መጋረጃ ፊት የተቀመጡት ልጆች እንዴት እዚህ ዲስክ ውስጥ ገቡ? ፎቶዎቹ ደግሞ ተሰርዘው ነው ያገኘኋቸው። ተጭነው ከዚያ ጠፍተዋል።

የምቆጣሽ ሆኜ አይደለም። የት እንደምፈልግ ማወቅ ስላለብኝ ነው። እውነቱን ካልነገርሽኝ እኔ እዚህ ጆሮ ስቆጥር ሰውዬው ባዶ እጁን ይወርዳል።

ያርጋል


ደባርቅ፣ ጥር 26 ቀን 2017

ጋሼ፣

ዋሽቻለሁ። አፈር ልብላ።

ፎርማት ባደረግሁ በማግስቱ አንድ አስተማሪ ስልሳ ተማሪ ይዞ ደጄ ተሰለፈ። ለፈተና ምዝገባ ነው፣ ነገ ያበቃል አለ። ሌላ ኮምፒውተር የለኝ። መልሼ ሰካሁት። «ትንሽ ናት፣ ምንም አትነካም» አልኩ ለራሴ። አትሜ ለመስጠት ጫንኩ፣ አተምኩ፣ ከዚያ ፈርቼ ሰረዝኩ። የሰረዝኩት እርስዎ እንዳያዩብኝ ነው።

መጀመሪያ ሲጠይቁኝ ለምን እንዳልነገርኩዎ አላውቅም። «የጋሽ ጠይብ ልጅ ይቺን አታውቅም?» የሚሉኝ መሰለኝ። ዋናዋ ጥያቄ ናት ብለው ሲጽፉልኝ ደግሞ ባሰብኝ፤ አንዴ አልጻፍኩም ብዬ ከጻፍኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።

ልጁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት ነው? በእነዚያ ተማሪዎች ነው የሸፈንኩት? እባክዎ እንደዚያ ከሆነ እንደዚያ ነው ይበሉኝ። ከትናንት ወዲያ እማማ ፈንታነሽ ለሦስተኛ ጊዜ መጥተው፣ አሁንም መብራት የለም ብያቸው፣ «እሺ ልጄ» ብለው ሄዱ። ሲወጡ ደጃፉን ይዘው ነው የወረዱት። ጋሼ፣ እኔ ከእንግዲህ ቅዳሜን አልችልም።

ሱልጣና


ጎንደር፣ ጥር 29 ቀን 2017

ለልጄ ለሱልጣና፣

አግኝተነዋል።

መጀመሪያ ይቺን ልጻፍ ብዬ ነው፤ አሁን ቁጭ ብለሽ ሌላውን አንብቢ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ነገሩ ገባኝ። ያ ግማሽ ግማሽ ሆኖ የወጣው ፎቶ በዲስኩ እርጅና አልነበረም፤ ተማሪዎቹ የተቀመጡበት ነው። እኔ ደግሞ ሞኙ፣ ኮት የሌለውን ሁሉ ቁልፉ አይታይም ብዬ ወደ ጎን አድርጌው ነበር። ቁልፍ ስፈልግ ልጁን አሳለፍኩት። ግማሾቹን ብቻ አውጥተን ጆሮ ጆሮ አየን፤ አርባ ሰባተኛው እሱ ነበር። ፀጉሩ፣ ግንባሩ፣ ዓይኑ፣ ያች የተቆረጠች ጆሮ፣ አፉ፣ አገጩ። ከአገጩ በታች ግራጫ ነው። ኮቱ የለም፣ ደረቱ የለም። ልሞላው ብሞክር አልሆነም፤ ያ ክፍል ለዘላለም ሄዷል። ፊቱ ግን አንድም አልጎደለም።

«አግኝተነዋል» ያልኩት አውቄ ነው። ያየችው ፍቅርአዲስ ናት። አንቺ ከተናዘዝሽ እኔም ልናዘዝ፤ ዓይኔ ደህና አይደለም። የግራውን ሞራ ጋርዶታል። ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለቱንም ጆሮ እሷ ናት ቁጭ ብላ ያየችልኝ፣ እኔ መሣሪያውን ብቻ ነው የማዘው። ላንቺ መንገር አፈርኩ። «ጋሼ አርጅቷል፣ ዲስኩን ለሌላ ልላክ» የምትዪኝ መሰለኝ። ስለዚህ ስለ መዋሸት አንቺን የምመክርበት አፍ የለኝም።

አንድ ነገር ግን አዝሻለሁ፣ በአባትሽ ቦታ ሆኜ። ፎቶውን ከመስጠትሽ በፊት ለእናትየው እውነቱን ንገሪያቸው። ጋሽ ጠይብ አንድ ጊዜ የአንድ ሙሽራ ፊልም ተቃጥሎባቸው፣ እስከ ዳባት ድረስ ሄደው ደጃቸው ላይ ቆመው ተናግረዋል። አብሬያቸው ነበርኩ።

ፍላሹንና ዲስኩን መልከ ጼዴቅ ይዞልሻል። የቀረውን አሥራ አንድ ሺህ ሰው ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጬ እኔ ዘንድ አስቀምጫለሁ። የካሜራሽንም ሰዓት ሙዪው፣ እባክሽ።

ያርጋል


ደባርቅ፣ የካቲት 2 ቀን 2017

ለተከበሩ ጋሼ ያርጋልና ለእትዬ ፍቅርአዲስ፣

ዓይንዎን እግዜር ይማርልኝ። ሐኪም ቤት የሚሄዱበትን ቀን ይጻፉልኝ፤ እኔ መጥቼ እወስድዎታለሁ፣ ይኼ ልመና አይደለም። ለሌላ ሰው ልላክ ብዬ ላስብ? እንዴት አሰቡት!

እማማ ፈንታነሽ ትናንት መጡ፣ ከወንድማቸው ከአቶ ፀጋው ጋር። ፍላሹ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ግን እንዳዘዙኝ አልነካሁትም። በርጩማው ላይ ሲቀመጡ ፊታቸው ቆምኩና ተናገርኩ። መብራት ነበረ አልኳቸው። የልጅዎን ፎቶ በራሴ እጅ አጥፍቼው ነው፣ ሦስት ቅዳሜ የዋሸሁዎ አልኳቸው።

ከዚያ ምን አሉኝ መሰለዎት? «መብራት እንዳለማ አውቃለሁ። ጎንሽ ያለው የመብራት ወፍጮ ሲፈጭ እየሰማሁ አይደለም እንዴ የምትነግሪኝ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?» አልኳቸው።

«መርዶ የያዝሽብኝ መስሎኝ ነዋ!» አሉ። «ከቆላ የተመለሰ ሰው መሞቱን ነግሮሽ፣ ወገን ተሰብስቦ እስኪያረዳኝ የምትደብቂኝ መሰለኝ። ምልክቱን ስትጠይቂኝማ በቃ አለቀ አልኩ፤ ሬሳ ሊለዩበት ነው አልኩ። እንዳልጠይቅሽ ፈራሁ። ሦስት ቅዳሜ የመጣሁት ፊትሽን ልይ ብዬ ነው።» ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። «ፎቶ ነው? ፎቶ ብቻ ነው የጠፋው?» ይላሉ ደጋግመው። እኔም ተንበርክኬ እግራቸውን ይዤ አለቀስኩ። አቶ ፀጋው ወደ ውጭ ወጡ።

ጋሼ፣ እኔ እኮ ራሴን ብቻ ነበር የፈራሁት። ሴትዮዋ በኔ መብራት ምክንያት ልጃቸውን በሆዳቸው ቀብረውት እንደሚመላለሱ አንድ ቀን አላሰብኩም።

ከዚያ ፎቶውን ስከፍተው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አዩት። እጃቸውን ዘርግተው ያችን የጎደለች ጆሮ ነኩ። ከአገጩ በታች ስለሌለው ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ኮቱ ጠፍቷል፣ ከሌላ ፎቶ ቆርጬ ልለጥፍለት እችላለሁ አልኳቸው። «ተይው» አሉ። «ኮቱ የናንተ ነው። የኔ ፊቱ ነው።»

አርባ ቅጂ ላትምላቸው ስል «እኔንም አንሽኝና ከጎኑ አድርጊኝ» አሉ። በሕይወታቸው ተነስተው አያውቁም። እኔ በልማዴ ኮቱን ከመስቀያው አውርጄ ሳቀርብላቸው ሳቁብኝ፤ ከመጡ ጀምሮ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። «በሰው ኮት ቢያየኝ ያውቀኛል?» አሉኝ። በዚያው በነጠላቸው፣ ሁለት ጆሯቸውን አውጥተው፣ እሱ በተቀመጠበት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የካሜራውን ሰዓት ሞልቼ ነው ያነሳኋቸው።

ከሥሩ የሚጻፈውን እንደ ልማዱ ጀመርኩ፤ «ይህን ልጅ ያያችሁ አፋልጉን» ብዬ። ሳነብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰው ካየው ለፀጋው ይነግረዋል። ልጄ ራሱ ቢያየውስ? ለሱ ጻፊለት» አሉኝ። ምን ብዬ ልጻፍ ብላቸው ብዙ አሰቡ። አቶ ፀጋውም ከደጅ ተመልሰው ገብተው ቆመው ይጠብቃሉ፤ የሙሰዓብ ወፍጮ እንኳ እህል ሊሞሉበት ቆሞ ነበር። እሳቸው የነገሩኝን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የጻፍኩት። አቶ ፀጋው አርባውን በፌስታል ጠቅልለው በብብታቸው አድርገው ዛሬ ጠዋት ወርደዋል። አርባ አንደኛዋን ለእርስዎ አያይዣለሁ፤ እትዬ ፍቅርአዲስ ያንብቡልዎት።

«እንዳለው፣ ላሚቱ ወልዳለች። ና። እናትህ።»

ሱልጣና